ሳይታወጅ የሚጨምር ግብር



በየቤታችን «ግብር ጨመረ» የሚባለው አዲስ አዋጅ ሲወጣ ነው። ያን ሰሞን በሥራ ቦታም በገበያም ሌላ ወሬ አይኖርም። አዋጅ ካልወጣ ግን ግብሩ ባለበት ያለ ይመስለናል። ያለፉትን ዐሥር ዓመታት መለስ ብለን ስናይ ከደሞዝተኛው ቤት ብዙ የወሰደው ማንም ያላወጀው ጭማሪ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ጭማሪ፣ ከዚያም ደሞዝ ስለሌላቸው ጡረተኛ አባቶቻችንና እናቶቻችን እንነጋገራለን።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከወር ደሞዝ የመጀመሪያውን 600 ብር ነፃ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከ10 እስከ 35 ከመቶ በእርከን ያስከፍል ነበር። ትልቁ ምጣኔ፣ 35 ከመቶው፣ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። (እግረ መንገዳችንን በተማሪዎቻችንም በወላጆቻቸውም ዘንድ የሚሰማ አንድ ስሕተት እናርም። ደሞዝ ወደ ላይኛው እርከን ሲገባ በሙሉ በዚያ ምጣኔ አይቆረጥም፤ ከእርከኑ በላይ ያለው ትርፍ ብቻ ነው። «ቢጨመርልኝ እጎዳለሁ» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም።)

በዚያ ዓመት 3,000 ብር የሚከፈለው አንድ መምህር ነበር እንበል። የሥራ ግብሩ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ከመቶው 10 ብር ከሩብ ማለት ነው። ለጡረታ መዋጮ 7 ከመቶ፣ 210 ብር ይቀነስና 2,482 ብር ከ50 ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በተከታዮቹ ስምንት ዓመታት ውስጥ የሸቀጦች ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። እኛ ደግሞ ቸር እንሁንና የመምህራችን ደሞዝም ሦስት እጥፍ አድጎ 9,000 ብር ደረሰ እንበል። ኑሮው እንኳ ባይሻሻል ብዙም ያልጎደለበት ይመስላል። ግብሩም ሦስት እጥፍ ቢሆን 922 ብር ከ50 ነበር። በ2008ቱ ሠንጠረዥ የሚቆረጥበት ግን 1,745 ብር ነው፤ ከመቶው 10 ብር የነበረው ከ19 አለፈ። ጡረታው ተቀንሶ እጁ ላይ የሚደርሰው 6,625 ብር ነው። የቀድሞው የተጣራ ገቢው በእውነት ሦስት እጥፍ ቢሆን 7,447 ብር ከ50 ይይዝ ነበር። በየወሩ 822 ብር ከ50 ሳንቲም ጎደለ ማለት ነው። ለአንድ ቤት የዘይትና የሳሙና ወጪ ነው እንጂ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ምጣኔውን ማንም አልነካውም። እርከኑ በቆመበት ቆሞ ብሩ ቀለለ፤ ይኸው ነው።

በመድረሳ ስለ ዘካ ኒሷብ የተማርን ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ሊለን ይገባል። ግብርና ዘካ የተለያዩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ነገር ግን ኒሷብ የተወሰነው በሚዛን ነው፤ ለወርቅ 20 ሚስቃል፣ በዛሬ ልኬት ወደ 85 ግራም። የወርቅ ዋጋ በብር ሲንር ዘካ ግዴታ የሚሆንበት መጠንም አብሮ ይንራል። ገንዘቡ ረክሶ ቁጥሩ ብቻ የበዛበት ሰው ሀብታም ተብሎ አይቆጠርም። የግብሩ 600 ብር ግን ለዘጠኝ ዓመታት 600 ብር ሆኖ ቆየ።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ከግብር ነፃ የሆነውን ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ይህ በጎ ነው፤ የመምህራችን ግብር ከ1,745 ወደ 1,400 ብር ወርዶ የተጣራው 6,970 ብር ይሆናል። ሆኖም የ10 ከመቶው እርከን ጠፍቶ የመጀመሪያው ተቆራጭ 15 ከመቶ ሆኗል፤ 35 ከመቶውም ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል። በ2008 መጨረሻ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 መጨረሻ 14,000 ብር 100 ዶላር ገደማ ነው። የሀብታም ግብር ተብሎ የተጀመረው ምጣኔ ወደ ማን ደጅ እንደወረደ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የአሁኑም እርከን በብር ቁጥር የተጻፈ ስለሆነ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መሸርሸሩን ቀጥሏል።

ወደ ጡረተኞቻችን እንምጣ። የመንግሥት ሠራተኛ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ እየታከለ እስከ 70 ከመቶ ይደርሳል። 34 ዓመት ያስተማረ ሰው እንግዲህ የአማካዩን 60 ከመቶ ያገኛል። አማካዩ 9,000 ብር ቢሆን 5,400 ብር ነው። ዋጋ በሚንርበት ዘመን የሦስት ዓመት አማካይ ራሱ ከመጨረሻው ደሞዝ ያንሳል። ከዚያ በኋላ መንግሥት በየጊዜው ማሻሻያ ቢያደርግም በመካከሉ ያለውን ጊዜ ጡረተኛው በአንድ ቁጥር ያሳልፈዋል። ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል፣ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምን ያድርጉ?

ጡረተኛውን የሚያገኛቸው ግብር በሱቅ በኩል ይመጣል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔ 15 ከመቶ ነው። ቫት ለሚከፈልበት ዕቃ 1,150 ብር ያወጣ ሰው 150 ብር ግብር ከፍሏል፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ ግን ማን ያነበዋል? ሀብታሙ ከገቢው ከፊሉን ያስቀምጣል፤ ላስቀመጠው ቫት አይከፍልም። እነ አባባ ግን የተቀበሉትን በሙሉ ያወጣሉ። በ2016 በወጣው አዲሱ የቫት አዋጅ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የመብራትና የውሃ ፍጆታም ታክስ ገብቶበታል። ሐሳቡ ብዙ የሚጠቀመው እንዲከፍል ነው። ይሁን እንጂ ስንቱ ጡረተኛ ነው ሰርቪስ ክፍሎቹን አከራይቶ ሦስት አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚኖረው? ቆጣሪው ሰው አይቆጥርም።

በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የነበሩት ቃዲ አቡ የሱፍ ስለ ግብር በጻፉት «ኪታብ አል-ኸራጅ» በተባለው መጽሐፍ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በመንገድ ሲያልፉ አንድ ዓይነ ስውር አረጋዊ አይሁዳዊ ሲለምኑ አዩ። ለምን እንደሚለምኑ ቢጠይቋቸው የግብሩን፣ የችግሩንና የእርጅናውን ነገር ነገሯቸው። ዑመርም እጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ወስደው ያላቸውን ሰጧቸው። ከዚያም ወደ በይተል ማል ኃላፊው ልከው እኚህ ሰውና መሰሎቻቸው ግብሩ እንዲነሳላቸውና እንዲረዱ አዘዙ። ታሪኩን ስናነብ የምንደነቅበት ለአንድ ሰው የተደረገው ቸርነት ብቻ አይደለም። ዑመር አንድ አረጋዊ አይተው ሥርዓቱን ለመሰሎቻቸው ሁሉ ማስተካከላቸው ነው።

ሌላው የጡረተኛ ጭንቀት ቤቱ ነው። በደርግ ዘመን በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የሠሯት ቤት ዛሬ በወረቀት ሚሊዮኖችን ታወጣለች፤ እሳቸው ግን አልሸጧትም፣ መሸጥም አያስቡም። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የጣራና ግድግዳ ግብርን ሲያሻሽል የብዙ ቤቶች ክፍያ በብዙ እጥፍ አደገ። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ መነሻው የገበያ ዋጋ ነው። ከተሞች መንገድና ውሃ ለማቅረብ ገንዘብ እንደሚያስፈልጋቸው አንክድም፤ የቤት ግብሩም ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ነገር ግን የቤቱ ዋጋና የባለቤቱ አቅም አንድ አይደሉም። አበል ብቻ ላለው አረጋዊ የተለየ ምጣኔ ወይም የመክፈያ ጊዜ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይመስለንም።

ይኸው «ቤት አላቸው» የሚለው አስተያየት በእኛም ዘንድ አለ። ዘካ ሲከፋፈል «ሐጂማ ግቢ አላቸው» ተብሎ የሚታለፉ ጡረተኞች አሉ። ዑለማዎች ያስቀመጡት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚኖርበት ቤት ያለው ሰው ገቢው ለቀለቡ ካልበቃ ዘካ መቀበል ይችላል። በሱረቱል ከህፍ የተወሱት የመርከብ ባለቤቶች መርከብ እያላቸው ሚስኪኖች ተብለዋል። የሰፈር ዘካ የሚያከፋፍሉ ወንድሞችና እኅቶች ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ከግቢው በር አልፈው የአበሉን መጠን፣ የመድኃኒቱን ወጪና የግብሩን ደረሰኝ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለገዛ ወላጅ ግን ይህ በር ዝግ ነው። የተቸገረ ወላጅን መቀለብ በልጅ ላይ ግዴታ ስለሆነ ለአባትና ለእናት የተሰጠ ከዘካ አይቆጠርም። እናም መምህራችን ለጡረተኛ አባቱ የሚልከው ከዚያችው ከ6,970 ብሯ ላይ ነው።