ማሊያው ተገዛ፤ ወተቱስ?

በጉለሌ ሰፈሮች የታዳጊ ቡድን ሲቋቋም መጀመሪያ የሚለመነው ማሊያ ነው፤ ቀጥሎ ኳስ፣ ከተገኘም ታኬታ። ልጁ ምን በልቶ ልምምድ እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ባዶ ሆዱን ሁለት ሰዓት ሮጦ ሻይ በዳቦ ይጠብቀዋል።

ወተት ደግሞ ለጉለሌ ሩቅ አይደለም። ከሱሉልታ ተጭኖ በአዲሱ ገበያ በኩል ነው ወደ መሀል ከተማ የሚያልፈው። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር፣ 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና ወደ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። የደከመ ጡንቻ ይጠግናል፣ የሚያድግ አጥንት ያጠነክራል፤ በላብ የወጣውን ውሃና ጨውም ይተካል። ባለቀለሙ የኃይል መጠጥ ይሄን አያደርግም።

እንግሊዞች ከ1982 እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) የሊግ ካፑን ዋንጫ «ሚልክ ካፕ» ብለውት ነበር፤ ስፖንሰሩ የወተት ገበያ ቦርዳቸው ነበርና። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የጠራረገው ሊቨርፑል ነው። ያ የእነ ራሽና ዳልግሊሽ እንጂ የወተቱ ሥራ አይደለም፤ ወተትና ኳስን ማገናኘት ግን አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

ጾሙስ? ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የሚጾመውን ልጅ ማንም አያስገድደውም፤ ለሱ ለውዝና የተቀቀለ ሽምብራ አለ። ለማይጾመው ግን ያኔ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ወተት ማግኘት ይቀላል። ጥሬው ወተት ሳይፈላ አይሰጥ፤ የሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል።

ሒሳቡ ይሄው ነው፦ ለ20 ልጆች በአንድ ልምምድ 5 ሊትር። በማሊያው ላይ ስሙን ያጻፈው የሰፈሩ ነጋዴ በሳምንት 10 ሊትር ቢጨምር፣ ሁለት ልምምድ ተሸፈነ።