ጎማው ፈነዳ፤ ዘፈኑስ?

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ተጉዞ የተመለሰ ከተሜ ከያኒ የሚያወጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጎማ ፈነዳ፣ ራዲያተር ፈላ፣ የተያዘው ውሃ ለመኪናው ይሁን ለሰው ሲያከራክር መሸ! ሳቁ ባልከፋ፤ ያን ሙቀት የቀመሰ ሁሉ ይስቃል። የሚያስቆጨው፣ በዚያው መንገድ ዳር ሁለት አፋሮች ቁጭ ብለው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም ዳጉ ሲለዋወጡ ቀልደኛው ጆሮውን አለመስጠቱ ነው። የዳጉ ወሬ አይጋነንም፤ ውሃ በሌለበት «ውሃ አለ» ማለት ከብት ይፈጃልና።

የሸክላ ታሪክስ የጀመረው በመንገደኛ አይደለምን? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ለመኪና ሙያ ጀርመን ሄደው ሳለ ነበር። ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ መታተም የጀመረው «ኢትዮፒክስ» 12ኛውን አልበም ለኮንሶ፣ 28ኛውን ለዓሊ ቢራ ሰጥቷል፤ እስከ 30ኛው ድረስ ግን አንዱም የአፋር አይደለም። ጥፋቱን በፈረንሳዊው አዘጋጅ በፍራንሲስ ፋልሴቶ ላይ መለጠፍ ይቀላል። ይሁንና አዋሽ የሚቀርበው ለፓሪስ ነው ወይስ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ለሚርቀው የአዲስ አበባ አሳታሚ?

የካሶውና የላሌ አዚያሚዎች ስማቸው በሽፋኑ ላይ ተጽፎ፣ ድርሻቸው ተከፍሎ ይቀረጹ! ጎማው እስኪጠገን እንኳ አንድ ካሴት ይሞላል።