ሱሰኛው ወደ እስር ቤት ካልሄደ ወዴት ይሂድ?

ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚካሄደው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ተጠቃሚው «ይታሰር» ሲል ሌላው «አይታሰር» ይላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘልለውታል። ለዚህም ሁለት አብነቶችን እንመልከት (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፖርቱጋል በ1990ዎቹ በሄሮይን ሱስ ክፉኛ ተጠቅታ ነበር። በ2001 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መሠረት፣ ለአሥር ቀን ከሚበቃ መጠን ያልበለጠ ዕፅ ለራሱ ይዞ የተገኘ ሰው በፍርድ ቤት ፋንታ ሦስት አባላት ወዳሉት ኮሚሽን ይቀርብ ጀመር። ዕፅ መነገድ ግን ወንጀልነቱ አልቀረም። መንግሥት ከሕጉ ጋር ሕክምናውንም አስፋፋ። በመርፌ ዕፅ ከሚወስዱት መካከል በዓመት ውስጥ በኤች አይ ቪ መያዛቸው የታወቀ ሰዎች በ2001 ከ1,000 በላይ ነበሩ፤ በ2012 ከ100 በታች ሆኑ።

የአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ሕዝብም በ2020 ተቀራራቢ ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ከ2021 ጀምሮ ጥቂት ዕፅ የያዘ ሰው የሚጠብቀው የ100 ዶላር መቀጫ ብቻ ሆነ፤ ለጤና ምርመራ ስልክ ከደወለም መቀጫው ይነሣለታል። የደወሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ ለሕክምና የተመደበው ገንዘብም ዘግይቶ ደረሰ። በ2024 ግዛቱ ዕፅ መያዝን እንደገና ወንጀል አደረገ።

በቤተ ሙከራ ሁለት ተለዋዋጮች በአንድ ጊዜ ከተቀየሩ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም። በፖርቱጋል ሕጉም ሕክምናውም ተለውጠዋል፤ በኦሪገን ደግሞ ሕጉ በተለወጠበት ወቅት ፌንታኒል የተባለው ብርቱ ዕፅ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። ስለሆነም ከአንዱ አገር ብቻ ተነሥቶ መፍረድ ችኮላ ነው።

የሕክምናው ጥቅም ግን በሌላም መንገድ የተረጋገጠ ነው። ሜታዶን ሄሮይን በሚሠራባቸው የአንጎል ተቀባዮች ላይ ይሠራል፤ ኃይሉ አንድ ቀን ያህል ስለሚቆይ ዕፁ ሲቀር የሚመጣውን ሕመም ያስታግሣል። በሐኪም ክትትል የሚወስዱት ሰዎች፣ ሕክምናውን እስካላቋረጡ ድረስ፣ የመሞት ዕድላቸው በእጅጉ ይቀንሳል። በአንጻሩ እስረኛ ከተፈታ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት እጅግ አደገኛ ናቸው፤ ሰውነቱ ዕፁን የመቋቋም አቅሙን ስላጣ የቀድሞው መጠን ሊገድለው ይችላል።

ሕግን በአንድ ቀን ድምፅ መለወጥ ይቻላል፤ ክሊኒክ ለማቋቋምና ባለሙያ ለማሠልጠን ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ማንኛውም ሕግ አውጪ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዛሬ «እርዱኝ» ብሎ የመጣ ሱሰኛ ነገ ጠዋት ሐኪም ያገኛልን?