የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ ምግብ ቤት መግባት ነውር ነው ለምትሉ



ዒድ በመጣ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይመጣል። ሰዉ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ ይወጣል። ሲመለስ ስለ ሐይቁ አያወራም። «ምሳ ልንበላ ተቀምጠን አንድ ሕፃን አናታችንን አዞረው» ይላል። ወጣቶቻችንም ወሬውን ተቀብለው «ሕፃን ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጥ»፣ «ልጁ እስኪያድግ ሚስቱ ትቅር» እያሉ ፈትዋ ይሰጣሉ። አብዛኞቹ ገና አላገቡም። ላላገባ ሰው ደግሞ ልጅ ማሳደግን የመሰለ ቀላል ሥራ የለም።

«ትቅር» የምትሏት ማን እንደሆነች አስባችኋል? ረመዳንን ሙሉ እየፆመች ሳምቡሳ ስትጠብስና ሾርባ ስታፈላ የከረመች እናት ናት። ሌሊት ለሱሑር ቀድማ የተነሳችው እርሷ ናት። የሁላችንም ዒድ ሲደርስ የእርሷ ዒድ ኩሽና ውስጥ ይሁን ነው የምትሉት። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህን «አደብ» ብላችሁ በዲን ስም ታቀርቡታላችሁ። እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

በመስጂድም የማየው ይህንኑ ነው። ሕፃን በሶላት መሐል ካለቀሰ፣ ኢማሙ እንዳሰላመተ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያፈጥ ሰው አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ከገቡ በኋላ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቲቱ እንዳትጨነቅ ያሳጥሩት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ፤ ያጠሩት ሶላታቸውን ነው። ሴትየዋን ከእንግዲህ ልጅሽን ይዘሽ እንዳትመጪ አላሏትም። የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰዎችን አሰግደዋል። ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ መልሰው ያነሷታል። ይህንን ያየው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ነው የነገረን። እንግዲህ ከሶላት የበለጠ ጸጥታ የሚፈልግ ስፍራ አለ? የአሳ ጥብስ ከሶላት ይበልጣል?

ይልቅስ ልጁ ለምን እንደሚያለቅስ እንይ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ጠዋት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ መኪና ውስጥ ለሰዓታት ታቅፎ ወይም ታስሮ ይመጣል። የቀን እንቅልፉ ተዛብቷል። እንደደረስን ደግሞ በቀጥታ ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን። እኛ ሙስሊሞች የምንበላበት ቦታም ውስን ነው። ሥጋው ሐላል መሆን አለበት፤ መጠጥ የሚቀዳበት ገበታ ላይም አንቀመጥም። ስለዚህ በዒድ ሰሞን ሁላችንም በአንድ ጊዜ እነዚያው ጥቂት የሙስሊም ምግብ ቤቶችና አሳ ቤቶች ላይ እንወርዳለን። ትዕዛዝ ስንሰጥ «አሁን ይደርሳል» ይባላል። በዒድ ቀን «አሁን» ማለት ሲፈጥን አርባ ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ አንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ ወይም ታዝሎ እንዳይቆይ ይመክራል። የእኛ ልጅ ግን ከመኪናው እስከ ምሳው ሦስትና አራት እጥፉን ተቀምጧል። ያለቀሰው ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ እግሩን ማንቀሳቀስ ፈልጓል። አንተም በእርሱ ቦታ ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ልዩነቱ አንተ አስተናጋጁ ላይ መጮህ መቻልህ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መፍትሔውን አግኝተነዋል» የሚለው ነው። ስልኩን የውኃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ ይከፍታል። ልጁ አፉን ከፍቶ ይፈዛል፤ እናቱ ጉርሻ ትከትበታለች፤ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደጠገበ አያውቅም። ጠረጴዛው ሰላም ሆነ፤ ሁሉም ተደሰተ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ከሚያለቅሰው ልጅ ይልቅ ይህ የፈዘዘው ያሳስበኛል።

ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ሲበላ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይዞር ነበር። ነቢዩ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊቱ ካለው እንዲወስድ ነገሩት፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አበላሉ እንደዚያው እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ይህን ሁሉ የተማረው ገበታ ላይ፣ እጁ ሳህን ውስጥ እያለ ነው። የእኛ ልጅ ዓይኑ ስክሪን ላይ ተተክሎ ቢስሚላህን ከየት ይስማው? በቀኝህ ብላ እንዳትለው ቀኝ እጁ ስልክ ይዟል።

«ኡስታዝ፣ ኢስላማዊ ካርቱን እኮ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይህች መልስ በጣም ታስቀኛለች። ካርቱኑ ዉዱእ አድራጊ ቢሆንም ልጁ ገበታው ላይ የለም። ያ መመሪያ እኮ ካርቱኑ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላለም፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ጨርሶ አይመከርም፣ ለሁለት ዓመት ልጅም በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰም ይሻላል ነው ያለው። ሌላው ደግሞ «ቁርኣን ነው የከፈትንለት» ይላል። ሱረቱል አዕራፍ ውስጥ ቁርኣን ሲነበብ አዳምጡ፣ ዝም በሉ ተብለናል። ትእዛዙ በዋናነት ሶላትን የሚመለከት ነው ያሉ ዑለሞች ቢኖሩም፣ የአላህን ቃል ከፍቶ በላዩ ላይ ስለ ቦታ ዋጋና ስለ መኪና ማውራት አደብ ነው ያለ አንድም ዐሊም አላውቅም። ቁርኣን የልጅ ማባበያ ድምፅ አይደለም።

አንድ ቀን መንገድ ጠንቶባችሁ፣ ልጁም ታሞባችሁ ለአሥር ደቂቃ ብትከፍቱለት ዱንያ አትፈርስም። የምቃወመው ልማዱን ነው፤ ልጁ «ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ስልክ ይመጣል» ብሎ የሚያውቅበትን ደረጃ።

ስልክ የሌለው ደግሞ አያ ጅቦ አለው። «ዝም ካላልክ አያ ጅቦ ይበላሃል»፣ «ፖሊስ ይወስድሃል»፣ «ሰውዬው መርፌ ይወጋሃል»። ሰውዬው የተባለው ምስኪኑ አስተናጋጅ ነው። ከዚያ አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ሲመጣ ልጁ እሪ ይላል፤ እኛም ይገርመናል። (ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ እየበላ እንግዳ ያዝናናል፤ እኛ በእርሱ ሐዋሳ ድረስ ልጅ እናስፈራራለን።) አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንዲት እናት ልጇን ና ልስጥህ ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው ነው ብለው ጠየቋት። ቴምር አለች። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይመዘገብብሽ ነበር አሏት። ለማባበል የተባለችው ቃል እንዲህ ከታየች፣ የማይመጣውን ጅብ ምን እንበለው?

አሁን ወደ አባቶች ልምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። አባትየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ከጓደኛው ጋር ያወራል። ልጁ ሲነጫነጭ ሚስቱን ያያታል። አይቶ ዝም ነው፤ ያ አስተያየት ትእዛዝ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እርሷ ልጁን ይዛ ትወጣለች፤ እርሱ አሳውን ትኩሱን ይበላል፤ እርሷ ስትመለስ የቀዘቀዘው ይጠብቃታል። ልጅ ታቅፎ ግቢ ውስጥ መዞር ለወንድ ያሳፍራል ብሎ ማን አስተማረን? ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አልተማርነውም። እርሳቸው ሐሰንና ሑሰይን እየተደናቀፉ ሲመጡ አይተው ኹጥባ አቋርጠው ከሚንበር ወርደው አንስተዋቸዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ቤታቸው ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ነው የመለሰችው። አንተ ከማን በልጠህ ነው ልጅህን ማቀፍ የሚከብድህ፣ አኺ?

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚል፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። ሐዋሳን እንውሰድ። ሰዉ ሁሉ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው ምግብ ቤት የሚጎርፈው፤ እናንተ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ። ዙሁር ሲገባ በልታችሁ ጨርሳችሁ ትሰግዳላችሁ። ከወንበር በፊት ልጁን መሬት ላይ አውርዱት፤ ሩብ ሰዓት ይሩጥ። ቁጭ እንዳላችሁ ከሁሉ በፊት የእርሱን ምግብ እዘዙ፦ በርበሬ የሌለው አልጫ ፍርፍር፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የተገኘውን። የእናንተ አሳ እስኪደርስ የእርሱ ሆድ ይያዝ። ከቤት ሙዝና ዳቦ ያዙ። ቴምር ከሰጣችሁት ፍሬውን አውጥታችሁ በትንንሹ ቁረጡለት። ቆሎ፣ ፈንዲሻና ኦቾሎኒ ግን በፍጹም አትስጡት፤ አጎቶች «ትንሽ ይቅመስ» እያሉ ያቀብሉታል፣ ጉሮሮውን ዘግቶ ሊገድለው የሚችለው እርሱ ነው። ቆሮሶ ሲመጣ ከጀርባው ወፍራሙን ሥጋ ወስዳችሁ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ እሾኹን ለቅማችሁ አጉርሱት።

በመጠበቂያው ጊዜ ደግሞ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ይውጣ፣ ከአባት ይጀመር። አሞራ ገደል አጠገብ ከሆናችሁ አላህ ከስልክ የሚበልጥ ነገር አዘጋጅቷል፦ የአሳ ፍርፋሪ የሚጠብቁት እነዚያ መላጣ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዑመይር የተባለውን ሕፃን ስለ ትንሿ ወፉ ያጫውቱት እንደነበር አስታውሱ፤ እናንተም ስለ አባ ኮዳ አጫውቱት። እጁን ብቻ አትልቀቁት፤ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ወፏም ከእርሱ ትበልጣለች፣ ጦጣዋም ሙዙን ትነጥቀዋለች። ምግቡ ሲደርስ አብራችሁት እጃችሁን ታጠቡ። የሁለት ዓመት ልጅ ውኃና ሳሙና ካገኘ ሌላ መጫወቻ አይፈልግም፤ ቢስሚላህንም እዚያው በሉለት።

የሌሎች ሐቅ እንዳለ ግን አትርሱ። ልጅ ስለሆነ ሁሉ ይፈቀድለታል የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ ከእነርሱም ጋር አልስማማም። ልጃችሁ በጠረጴዛዎች መሐል ከሮጠ፣ የጋለ ሸክላ ጥብስ ወይም ጀበና የያዘው አስተናጋጅ ላይ ሊጋጭ ይችላል፤ የሚቃጠለው እርሱ፣ ከሥራ የሚባረረው ደግሞ አስተናጋጁ ነው። ለቅሶው ካልቆመ ይዛችሁ ውጡ፤ ሌላውን ሰው አታስጨንቁ። ወለሉ ላይ የተዘራውን ሩዝም ከመነሳታችሁ በፊት በሶፍት ሰብስቡ።

እናንተ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጣችሁ ወንደላጤዎችም ሥራ አላችሁ። ማፍጠጡን ተዉና ባለ ሕፃኑ ቤተሰብ ከእናንተ በኋላ ከገባ አስተናጋጁን ጠርታችሁ «የእነርሱን አስቀድምላቸው» በሉት። እናንተ ያንን ሃያ ደቂቃ ያው ስልካችሁን ስትነካኩ ነው የምታሳልፉት።

ወላሁ አዕለም።