ስለ ድብልቅ አትክልት ወጥና ስለሚሰጠው ኃይል

«አትክልት ቀላል ምግብ ነው» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ በምን እንደ ተሠራ ሳይጠየቅ መቀበል አይገባም።

በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ የያዝናቸው የምግብ ሠንጠረዦች የሚናገሩት በውሃ ብቻ ስለ ተቀቀለ አትክልት ነው። በዚህ ዓይነት የተቀቀለ 100 ግራም ጥቅል ጎመን 23 ካሎሪ፥ ካሮት 35፥ ድንች 86 ያህል ይሰጣል። ከሦስቱም 100 ግራም እየተወሰደ ቢደባለቅ ድምሩ 144 ካሎሪ ገደማ ነው። የእኛ አልጫ ግን የሚጀመረው በሽንኩርትና በዘይት ነው፤ ዘይቱንም ባለሙያ የምትለካው በዓይኗ እንጂ በማንኪያ እንዳይደለ የታወቀ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ስላለው፥ ሁለት ማንኪያ የገባበት ያው ምግብ ወደ 384 ካሎሪ ይደርሳል። ከግማሽ በላይ የሆነው ኃይል የዘይቱ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ውፍረት ያስቸገረው ሰው «የበላሁት አትክልት ብቻ ነው» ብሎ ቢጽናና ከንቱ ነው፤ ዘይቱን ያስለካ።

ስለ ሕፃናት ግን ፍርዳችን ተቃራኒ ነው። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ ውሃ የበዛበት ጎመን ኃይል ሳይሰጠው ይሞላዋል። ስለዚህ ከልጅ ወጥ ላይ ዘይት መቀነስን አንደግፍም። በካሮት ውስጥ የሚገኘውና ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገርም ከቅባት ጋር ሲበላ የበለጠ ይጠቅማል። ምስር ወይም ሽሮ ይታከልለት። መምህራንም በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ተማሪ ሰነፍ ከማለታቸው አስቀድሞ ምን በልቶ እንደ መጣ ቢጠይቁት እንወዳለን።