«ስንት ይከፍላል?» ብቻ ብለን የገባንበት ሽርክና

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር የቢቸናና የሞጣ ልጆች ለአገር ቤት ጉዳይ ገንዘብ ለማዋጣት ተሰብስበን ነበር። ገንዘቡ አልተዋጣም። አጀንዳው ገና ሳይነበብ አንድ ወንድማችን ከኮቱ ኪስ ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ከአይ አር ኤስ፣ የመጣ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና «ጉድ የሠራኸኝ አንተ ነህ!» ብሎ ወደ ሌላው ጮኸ። የቢቸናው ለቢቸናው፣ የሞጣው ለሞጣው አደላ። ሽማግሌዎች ተነሡ፤ አንደኛውን ወደ ኩሽና፣ ሌላኛውን ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰዷቸው። ምሽቱ በልመናና በይቅር ለእግዚአብሔር አለቀ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ፖስታውን ከፍቶ ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ በዚህ ከተማ የሰው ግብር በመሥራት የምተዳደር ነኝና ደብዳቤውን በማግስቱ አየሁት። የሚለው አጭር ነው፦ በስምህ ኬ-1 ደርሶናል፣ አንተ ያስገባኸው ፎርም ላይ ግን የለም፤ ስለዚህ ልዩነቱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ክፈል። ሰውዬው ኬ-1 ምን እንደሆነ አያውቅም። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ወፍራም ፖስታ ይመጣለታል፤ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ይጥለዋል። ግብሩን የሚያስገባው ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን ተመላሹ ቶሎ እንዲደርስለት በፌብሩዋሪ ነው።

የገዛው ማስተር ሊሚትድ ፓርትነርሺፕ የሚባለውን፣ በአጭሩ ኤም ኤል ፒ የሚሉትን ነው። በአብዛኛው የነዳጅና የጋዝ ቧንቧ የሚያስተዳድሩ፣ እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጡ ሽርክናዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1981 እ.ኤ.አ. አፓቼ በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1987 እ.ኤ.አ. ኮንግረሱ ሕጉን አጠበበው፤ ከገቢያቸው ቢያንስ 90 በመቶው ሕጉ ከዘረዘራቸው፣ እንደ ነዳጅና ጋዝ ካሉ የገቢ ምንጮች የሚመጣ ካልሆነ እንደ ማንኛውም ኩባንያ ግብር ይከፍላሉ ተባለ። መስፈርቱን የሚያሟላው ሽርክና ራሱ የገቢ ግብር አይከፍልም። ትርፉም፣ ኪሳራውም፣ የእርጅና ተቀናሹም በየሸሪኩ ስም ተከፋፍሎ ይላካል። ያ የሚላክ ወረቀት ነው ኬ-1። አንድ ዩኒት የገዛ ሰው ሸሪክ ነው፤ ሒሳቡም የሸሪክ ሒሳብ ነው።

ወንድማችንን ያስገባው ሰው የነገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በየሦስት ወሩ ይከፍልሃል፤ ባንክ ከሚሰጥህ ይበልጣል።» ይህ እውነት ነው፤ አልዋሸውም። 20,000 ዶላር አስገባ፤ በዓመት 1,400 ዶላር ገደማ ለስድስት ዓመት ተቀበለ። ከዚያ በ20,500 ሸጠው። ደላላው ድርጅት የላከለት 1099 የሚባለው የሽያጭ ቅጽ የተገዛበት ዋጋ 20,000 ነው ይላል፤ እሱም 500 ዶላር አተረፍኩ ብሎ አስገባ።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በየሦስት ወሩ የመጣለት ገንዘብ በአብዛኛው የትርፍ ክፍያ ሳይሆን የራሱ ካፒታል ተመላሽ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በተቀበለው ልክ የተገዛበት ዋጋ ይቀንሳል። ሌላውን ዝርዝር ትተን ይህን ብቻ ብንይዝ 8,400 ዶላር ከ20,000 ሲነሣ 11,600 ይቀራል። በ20,500 የሸጠ ሰው ትርፉ 8,900 ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁ ክፍል በዝቅተኛው የካፒታል ትርፍ መጠን ሳይሆን እንደ ደመወዝ ይታሰባል፤ ቀድሞ በእርጅና ስም የተቀነሰለት አሁን ይመለሳልና። 1099 ላይ ያለው 20,000 ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ኬ-1 ነው፣ ኬ-1 ደግሞ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ በእነዚያ በተጣሉ ወረቀቶች ላይ ለእሱ የሚጠቅምም ነገር ነበረ። እንዲህ ያለ ሽርክና ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ኪሳራ ያሳያል። ያ ኪሳራ በዓመቱ ከደመወዝ ላይ አይቀነስም፤ እየተጠራቀመ ይቆይና ድርሻው ሙሉ በሙሉ ሲሸጥ ይለቀቃል። መዝግቦ የያዘ ሰው ግብሩ ይቀልለታል። የጣለ ሰው ዕዳውን ብቻ ይወርሳል።

ወገኖቼ፣ ስለ አንድ ሰው የማወራ መስሏችሁ እንዳታልፉት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ በጦርነቱ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ባሕር ዳር ቦታ ሊገዛ፣ ደብረ ማርቆስ ሕንፃ ሊጀምር የነበረው ገንዘብ መሄጃ አጥቶ እዚሁ ቀረ። አንዱ ለአንዱ በስልክ እየነገረ፣ በሰርግና በክርስትና ላይ እየተንሾካሾከ፣ «እኔ የገባሁበት ግባ» እየተባባለ ወደዚህ ገበያ ገባ። አገሬው አገሬውን ማመኑን አልነቅፍም። የምነቅፈው እምነቱ ጥያቄውን እንዲገድለው መፍቀዳችንን ነው። «ይህ ነገር ምን ወረቀት ያመጣብኛል?» ብሎ የአገር ልጅን መጠየቅ ነውር ሆኖብናል፤ አላመነኝም ይላል ብለን እንፈራለን። ነውሩን ሸሽተን ገንዘቡን እንሰጣለን። ፖስታው ሲመጣ ያንኑ የአገር ልጅ በአዳራሽ እናዋርደዋለን።

እኔ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ይመለስልኛል?» ነው። ሁለተኛው «እከሌ 6,000 ተመልሶለታል፣ የእኔ ለምን አነሰ?» ነው። ሦስተኛ ጥያቄ የለም። ኬ-1 አለህ ወይ ስለው «ከደላላው የመጣው ሁሉ ይኸው» ብሎ 1099 ይሰጠኛል። ኬ-1 የሚልከው ሽርክናው ራሱ እንደሆነ፣ በደላላው ቅጽ ላይ እንደማይወጣ፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ ላይደርስ እንደሚችል ደግሜ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ቧንቧው በብዙ ስቴቶች የሚያልፍ ከሆነ ገቢው በየስቴቱ ይከፋፈላል፤ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ረግጦት ለማያውቀው ስቴት ግብር ማስገባት ሊኖርበት ይችላል። ይህን ስነግረው «አንተ ታከብደዋለህ፣ ሌላ ጋ እሄዳለሁ» ይለኛል። ሌላ ጋ ይሄዳል። ሌላውም ዝም ብሎ ያስገባለታል።

አንዳንዱ ደግሞ ብልጠት አገኘሁ ብሎ በጡረታ ሒሳቡ፣ በአይ አር ኤ፣ ይገዛዋል። እዚያ ውስጥ ያለ ገንዘብ ግብር አይነካውም ብለው ነግረውታል። ነገር ግን ሽርክናው እየሠራ ያለው የንግድ ሥራ ነውና ከእሱ የሚደርሰው የንግድ ገቢ በዓመት ከ1,000 ዶላር ካለፈ ራሱ የጡረታ ሒሳቡ 990-ቲ የሚባል ፎርም አስገብቶ ግብር ይከፍላል። ዋናው ድንጋጤ የሚመጣውም በሽያጩ ዓመት ነው። ሌላው በቢቸና ባለ ወንድሙ ስም አካውንት ከፍቶ ይገዛል። አሜሪካ ለማይኖር የውጭ ሰው ከሚደርሰው ክፍያ ላይ በከፍተኛው መጠን፣ 37 በመቶ፣ ይያዛል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሲሸጠው ከጠቅላላው የሽያጭ ገንዘብ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ ቢከስርም ቢያተርፍም። ወንድምየው ይህን ለማስመለስ አሜሪካ ውስጥ የግብር ፎርም ማስገባት አለበት። ቢቸና ተቀምጦ!

ያልሸጠ ሰው እንኳ አይድንም። የቧንቧ ኩባንያው ኪንደር ሞርገን በ2014 እ.ኤ.አ. ሽርክናዎቹን ወደ አንድ ኩባንያ ሲጠቀልል፣ ዋኖክ የተባለው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ማጄላን የተባለውን ሽርክና ሲገዛ፣ ለባለ ዩኒቶቹ ግብይቱ ግብር የሚከፈልበት ነበር። መሸጥ ያላሰበው ባለድርሻ ሒሳቡ በዚያ ዓመት ተዘጋበት።

አሁን ስለ አባቶቻችን ልናገር፤ ከቢቸናና ከሞጣ የወጣ ሰው ይህን ሳያነሣ ስለ ግብር ማውራት አይችልም። በ1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አሥራት ቀርቶ በምርት ገቢ ላይ የሚጣል የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር መጣ። ገማቾች በየቀበሌው ምርት ሊገምቱ ነው ተባለ። የጎጃም ገበሬ ግን «ስንት ነው?» ብሎ አላቆመም። «ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን በቀላድ ይለካል፣ ከተለካ በኋላስ ርስቴ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ስለ አመፁ የጻፉት የታሪክ ሰዎች፣ ገብሩ ታረቀን ጨምሮ፣ ከግብሩ ልክ ይልቅ ይህ የርስት ሥጋት እንዳስነሣው ይናገራሉ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ንጉሡ ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ማሩ።

ግብር አትክፈሉ እያልኩ አይደለም፤ ይህን ከአፌ ነጥቆ የሚያወራ አይጠፋምና በግልጽ እናገራለሁ። የምለው ስለ ጥያቄው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከወረቀቱ በስተጀርባ ምን እንደሚመጣ ሳይጠይቅ አንድ እርምጃ አልሄደም። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ወረቀት ሲመጣባቸው መጀመሪያ ለዲያቆኑ ያስነብባሉ፤ ቀጥሎ ለሌላ ሰው ያስነብባሉ፤ ሁለቱ ያሉት ካልገጠመ አውራ ጣታቸውን ቀለም አያስነኩም። የመሬት ግብር ደረሰኞቻቸውን በቆዳ ከረጢት ጠቅልለው ከግድግዳው እንጨት ላይ ይሰቅሉ ነበር። ርስት የሚሟገት ሰው ሲመጣባቸው ከረጢቷን ያወርዳሉ፤ በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል በመደቡ ላይ ይደረድሯቸዋል፤ አንዲት አትጎድልም። የእንዲህ ያሉ አያቶች የልጅ ልጅ ዲግሪ አለው፣ ስካነር አለው፣ የስድስት ዓመት ኬ-1 ግን የለውም። በዚህ አላፍርም የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው ያንኑ ልማድ ወደ አገር ቤትም ይዘነው መሄዳችን ነው። ሞጣ ላይ ወፍጮ፣ ቢቸና ላይ የጭነት መኪና ከአጎት ልጅ ጋር በሽርክና የገዛችሁ ስንት ናችሁ? በንግድ ሕጋችን በአግባቡ የተመዘገበ የሽርክና ማኅበር ከሆነ እንደ ድርሻችሁ መጠን እዚህ ፎርም 8865 ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፤ አለማስገባቱ የ10,000 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። በስማችሁ ባሉት የውጭ ባንክ ሒሳቦች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ ማስገባት አለባችሁ። በሁለቱ አገሮች መካከል ድርብ ግብርን የሚያስቀር ውል የለም፤ እዚያ የከፈላችሁትን እዚህ የሚያስቀንስላችሁ ደረሰኝ ብቻ ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ ደረሰኝ ጠይቄ አላስቀይመውም» የሚለኝ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የአጎቱን ልጅም ውሎ አድሮ ማስቀየሙ አይቀርም።

ኤም ኤል ፒ አትግዙ አልልም። የሚገባው ሰው አለ፤ ወረቀቱን ይዞ፣ ረጅም ጊዜ አስቦ፣ ለልጆቹ እስኪያወርሰው አቆይቶ የሚጠቀምበት። ባለቤቱ ሲሞት ለወራሹ የዋጋው መነሻ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይታደሳልና ያ የተከማቸ ግብር ይሰረዛል። ወረቀት የማይወድ ሰው ደግሞ እነዚህኑ ሽርክናዎች ሰብስቦ የሚይዝና 1099 ብቻ የሚልክ ፈንድ ሊገዛ ይችላል፤ ፈንዱ ራሱ ግብር ስለሚከፍል ትርፉ ያንሳል፣ ራስ ምታቱ ግን ይቀራል። ሁለቱንም ሳያውቅ «እከሌ ገብቷል» ብሎ የሚገባው ነው የሚያናድደኝ። ወጣቶቻችንም ከእኛ ተምረው በስልካቸው ቁልፍ እየተጫኑ ይገዛሉ፤ ያሳየናቸው ይህንኑ ነዋ!

ኤክስቴንሽን የጠየቃችሁ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ አላችሁ፤ ገንዘቡ ግን መከፈል ያለበት እስከ ኤፕሪል 15 ነውና ካለፈ ወለዱ ይቆጥራል። ኬ-1 የጣላችሁ ሰዎች ብዙዎቹ ሽርክናዎች የቀደሙትን ዓመታት ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የገዛችሁበትን ስምና ቁጥር አስገብታችሁ አውርዱት። ሳትዘግቡት ያስገባችሁት ዓመት ካለ ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ 1040-ኤክስ አስገብታችሁ አርሙ። ደብዳቤው የደረሳችሁም መልስ የምትሰጡበት ቀን እላዩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ቀን በፊት ወረቀቱን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ እኔ ጋ መምጣት የግድ አይደለም።