ትንሽ መቦርቦር፣ በደንብ መዝጋት

ጥርሱ የተቦረቦረ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ «በነጩ ይሞላልኝ ወይስ በብርማው?» ሐኪሙ ዋጋውን ይነግረዋል፣ መልኩን ያወዳድርለታል፣ ምርጫው በዚያው ያልቃል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የወጡትን ጥናቶች ለተከታተለ ግን ይህ መቅደም የነበረበት ጥያቄ አይደለም። መቅደም የነበረበት «ምን ያህል ይቦርቦር?» የሚለው ነው። የጥርሱ ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው ከሙሌቱ ዓይነት ይልቅ ከጥርሱ ምን ያህል እንደተነሣና ቀዳዳው እንዴት እንደተዘጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ደግሞ የጥርስ ሐኪም እንደልብ ለማይገኝበት አገር ትልቅ የምሥራች ነው፤ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች ውስጥ በርከት ያሉት ርካሽና ቀላል ናቸውና።

የነጩና የብርማው ክርክር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ብርማው፣ አማልጋም የሚባለው፣ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ወይም ባዜቃ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ባዜቃው ልጆችን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተደርገዋል፤ አንዱ ሊዝበን ውስጥ የካዛ ፒያ ትምህርት ቤቶች ተማሪ በሆኑ 507 ልጆች፣ ሌላው በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ በ534 ልጆች ላይ። ልጆቹ በዕጣ ተመድበው ግማሾቹ በአማልጋም፣ ግማሾቹ በኮምፖዚት፣ ማለትም በነጩ፣ ተሞላላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም አማልጋም የተሞላላቸው ልጆች ሽንት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከፍ ብሎ ተገኘ። በማስታወስ፣ በትኩረትና በአእምሮ ብቃት ፈተናዎች ግን ከሌሎቹ የሚለያቸው ጉዳት አልታየም።

የሊዝበኑ ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። ከሰባት ዓመት በኋላ ከአማልጋም ሙሌቶች 94 በመቶ ያህሉ ደህና ሲሆኑ ከኮምፖዚቶቹ ደህና የቆዩት 85 በመቶ ያህሉ ናቸው። በሙሌቱ ዙሪያ እንደገና የመቦርቦር አደጋው በኮምፖዚት ሦስት ተኩል እጥፍ ነበር። ምክንያቱን አሠራሩን ያየ ሰው ይረዳዋል። ኮምፖዚት ጥርሱ በአሲድ ከተሻከረና ማጣበቂያ ከተቀባ በኋላ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ይደረባል፣ እያንዳንዱ ድርብ በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል። ሲደርቅ በጥቂቱ ይኮማተራል። በዚህ መሀል ምራቅ ጠብ ካለበት ማጣበቂያው ይከዳል። በሚንቀጠቀጥ፣ አፉን በሚዘጋና በሚከፍት የስምንት ዓመት ልጅ ላይ ይህን ሁሉ በደረቅ ጥርስ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። አማልጋም ምራቅን ይታገሣል። በእርግጥ ሙከራዎቹ የተጀመሩት በ1990ዎቹ ስለሆነ የዛሬው ኮምፖዚት ከዚያን ጊዜው የተሻለ ነው፤ በ2021 ማስረጃውን አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማም ኮምፖዚት የመበላሸት ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ ቢያገኝም የማስረጃውን ጥንካሬ ዝቅተኛ ብሎታል።

ያም ሆኖ አማልጋም እየተሰናበተ ነው። የሚያስወጣው በአፍ ውስጥ ያደረሰው ጉዳት ሳይሆን ወደ አየርና ወደ ውኃ የሚሄደው ባዜቃ ነው። ባዜቃን ለመቀነስ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2022 ባሊ ላይ ሲሰበሰቡ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዲቀር ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መግቢያ ጀምሮ፣ ሕክምናው ግድ ካላለ በስተቀር፣ ለሁሉም ከልክሏል። ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። አሳሳቢው በቦታው የሚመጣው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ረዳት በሌለበት፣ ወረፋው ረጅም በሆነበት ክሊኒክ አማልጋምን በኮምፖዚት ብቻ መተካት ቶሎ የሚበላሽ ሙሌት በውድ ዋጋ መግዛት ነው።

መውጫው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የዘመናዊ ጥርስ ጥገና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ጂ. ቪ. ብላክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ያስተማረው ሕግ የበሰበሰው ሁሉ ተጠርጎ እንዲወጣ፣ እንዲያውም ለጥንቃቄ ከጤነኛው ጥርስ ጭምር እንዲነሣ ያዝ ነበር። ብዙ ትውልድ በዚህ ሕግ ተምሯል። ነገር ግን ጥርስን የሚበላው ባክቴሪያው ከስኳር የሚያመርተው አሲድ ነው። ስኳሩ ካልደረሰው ባክቴሪያው በረኃብ ይዳከማል፣ መበስበሱም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የበሰበሰውን ክፍል ከነሕይወቱ ትቶ ከላይ አጥብቆ በመዝጋት አሥር ዓመት ተከታተለው፤ በደንብ በተዘጋበት ቦታ ብስባሹ አልገፋም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ብራዚል ውስጥ የተደረገው ጥናት ነው። ጥልቅ መቦርቦር ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን ከነርቩ አጠገብ ያለው ለስላሳ ብስባሽ እዚያው ተትቶ በዚያው ቀን ቋሚ ሙሌት ተሠራ። ለሌላው እንደ ቀድሞው ልማድ ጊዜያዊ ሙሌት ተደርጎለት ከወራት በኋላ ተመልሶ ቀሪው እንዲጠረግለት ተቀጠረ። ከአምስት ዓመት በኋላ በአንድ ቀን ካለቁት ጥርሶች 80 በመቶው ነርቫቸው በሕይወት ነበር፤ በሁለት ቀጠሮ ከታቀዱት 56 በመቶው። ልዩነቱን ካሰፉት ምክንያቶች አንዱ ብዙዎቹ ለሁለተኛው ቀጠሮ አለመመለሳቸው ነው። ሕመሙ ሲታገስ ቀጠሮ መርሳት የየትም አገር ሰው ጠባይ ነው፤ ከገጠር ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ለሚመጣው የእኛ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ማለት የሥራ ቀንና የመንገድ ወጪ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን የሚጨርስ ሕክምና ለእርሱ የተሠራ ያህል ነው።

ልጆች ላይ ሲደርስ ነገሩ የበለጠ ያስገርማል። ኖርና ሆል የተባሉ የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም የተቦረቦረውን የወተት መንጋጋ ጥርስ ሳይነኩ ዝግጁ የብረት ቆብ ያለብሱት ነበር። ማደንዘዣ መርፌ የለም፣ መቦርቦሪያ የለም። ቆቡ በማጣበቂያ ይሞላል፣ በጣት ተገፍቶ ጥርሱ ላይ ይቀመጣል፣ ልጁ ነከስ እንዲያደርግ ይነገረዋል። ለጥቂት ቀናት ጥርሱ ከፍ ያለ ይመስለዋል፣ ከዚያ ይላመዳል። ብዙ ሐኪሞች ይህን እንደ ስንፍና ቢያዩት አይፈረድባቸውም፤ ብስባሽ ሸፍኖ መተው የተማሩትን ሁሉ ይቃረናል። በ132 ልጆች ላይ የተደረገው ሙከራ ግን በአንድ ልጅ አፍ ውስጥ አንዱን ጥርስ በቆብ፣ ሌላውን ሐኪሙ በለመደው መንገድ አክሞ አወዳደረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሕመም ወይም መግል የመሰለ ከባድ ችግር የደረሰባቸው በቆቡ 3 በመቶ፣ በተለመደው ሙሌት 16.5 በመቶ ነበሩ። ልጆቹም፣ ወላጆቹም፣ ሐኪሞቹም በብዛት ቆቡን መርጠዋል።

ሁለተኛው ቀላል ሕክምና የተወለደው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ውስጥ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። መብራትም ማሽንም በሌለበት ሐኪሙ በማንኪያ ቅርጽ የተሠራ የእጅ መሣሪያ ይዞ ለስላሳውን ብስባሽ ይፍቃል፣ ቀዳዳውን በጥጥ ያጸዳል፣ ከዚያ ግላስ አዮኖመር የሚባለውን ዱቄትና ፈሳሽ አላቁጦ ይሞላዋል። ቫዝሊን በተቀባ ጣት ለትንሽ ጊዜ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ትርፉ ይጠረጋል፣ በሽተኛው ለአንድ ሰዓት ያህል እንዳይበላ ይነገረዋል። ግላስ አዮኖመር በራሱ ከጥርስ ጋር ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ደግፎታል። በጥርሱ አናት ላይ ብቻ ላለ ቀዳዳ በጣም ጥሩ ይሠራል። በሁለት ጥርሶች መካከል ለተቦረቦረ ግን እንዲያ አይበረታም፣ ቶሎ ይሰበራል፤ ይህን ደብቆ ማወደስ ሕዝብን ማታለል ነው።

ሦስተኛው ጠብታ ነው። ሲልቨር ዲያሚን ፍሎራይድ ጃፓን ውስጥ ከ1970 አካባቢ ጀምሮ ጥቅም ላይ የዋለ ፈሳሽ ነው። ጥርሱ በጥጥ ይደርቃል፣ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ብሩ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ የላላውን ጥርስ ያጠነክራል። በቻይና፣ በኩባና በሌሎች አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች የልጆችን መቦርቦር ባለበት እንደሚያቆም አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከግላስ አዮኖመር ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጉድለቱ የተቦረቦረውን ቦታ ለዘለቄታው ማጥቆሩ ነው። የፊት ጥርስ ላይ ከሆነ ወላጅ አስቀድሞ ሊነገረውና ሊመርጥ ይገባል። ሌሊት ለሚያሳምም ወይም መግል ለቋጠረ ጥርስም አይሆንም፤ ያ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

እነዚህ ሁሉ ዘግይተው ከመጡ ግን አቅማቸው ውሱን ነው። በብሪታንያ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ፣ ቀድሞውኑ ጥርሳቸው የተቦረቦረ 1144 ልጆች በሦስት መንገድ ታክመው ነበር፤ በተለመደው ሙሌት፣ ብስባሹን አሽጎ በመዝጋት፣ በመከላከል ብቻ። ውጤቱ በ2020 ሲታተም በሦስቱም ወገን ከአሥሩ ልጆች አራት ያህሉ ሕመም ወይም ኢንፌክሽን እንደደረሰባቸው ታወቀ፤ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ይህን «ሕክምናው ዋጋ የለውም» ብለው የተረጎሙ አሉ። እኔ የማነበው ዘግይቶ የመጣን ልጅ ማዳን ከባድ መሆኑን ነው፤ መከላከሉ ቀድሞ መጀመር አለበት። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በየቀኑ መቦረሽ በልጆች ላይ መቦርቦርን በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ሙከራዎች አረጋግጠዋል፤ መፋቂያ ብቻ ይህን አያደርግም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይዱ በዝቶ የልጆችን ጥርስ በሚያበልዝባቸው አካባቢዎች ግን የሳሙናው መጠን ከሐኪም ጋር ተመክሮበት መሆን አለበት።

በእኛ አገር ብዙ ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው እንቅልፍ ሲያጣ ነው፣ መጨረሻውም ማስነቀል ይሆናል። ከሚጠፉት ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ እጅግ ያሳዝነኛል። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ይበቅላል። ወላጅ የወተት ጥርስ ነው ብሎ ይተወዋል፤ «ወልቆ ሌላ ይተካል» ይባላል፣ አይተካም። ልጁ አንደኛ ክፍል ሳለ ያ ጥርስ ቢታይ በጠብታ ወይም በግላስ አዮኖመር ይድን ነበር።

ይህን ለመሥራት ሙሉ ክሊኒክ አያስፈልግም። በኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች በሺህ በሚቆጠሩ ልጆች ላይ በተደረገ ሙከራ ጠብታው ቀዳዳውን ከመድፈንና ጤነኛውን ጥርስ አስቀድሞ ከማሸግ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም፤ ጠብታውን ነርሶች ሲቀቡትም የጥርስ ጽዳት ባለሙያዎች ሲቀቡት ያህል ሠርቷል። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ነርስ አለች፣ በየቀበሌው ትምህርት ቤት አለ። የጎደለው ጠብታው በመድኃኒት ግዥ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ፣ ነርሷ አቀባቡን መማሯ፣ እና በየስድስት ወሩ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሳ የምትሄድበት ፈቃድና አበል ነው።